ዳያል-አፕ ሞደምን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ማሠራት

ዳያል-አፕ፣ ማለትም በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት መግባት፣ አልቆለታል የሚሉ ብዙ ናቸው። የአሜሪካው ኢንተርኔት አቅራቢ ኤኦኤል እንኳ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አገልግሎቱን ዘግቷል። ቢሆንም በስልክ መስመር የሚደውል ሞደም ዛሬም ሥራ አላጣም። ሌላ ኢንተርኔት የማይደርስበት ቦታ አለ። ዋናው ኔትዎርክ ሲወድቅ ሰርቨሩን ከሩቅ የሚያዩበት መጠባበቂያ አድርገው የሚያስቀምጡት አሉ። አሮጌ መሣሪያ ላይ እየደወሉ መረጃ የሚሰበስቡም አሉ። ሊኑክስም ሞደምን አልረሳውም፤ የሚያስፈልገው ነገር ከድሮ ጀምሮ ውስጡ አለ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከላይ ስለሚጀምር ነው። ሞደሙ ለኮምፒውተሩ ገና «አቤት» ሳይል የይለፍ ቃል ሲቀያይር ይውላል። መንገዱ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የሞደሙ ዓይነት፣ ከዚያ መስመሩ፣ ከዚያ ወደቡ (ሞደሙ የተሰካበት የኮምፒውተሩ በር)፣ ከዚያ የሞደሙ መልስ፣ በመጨረሻ መደወል። አንዱ ሳይሠራ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ይሆናሉ። «ኤቲ» ሁለት ፊደል ነው፤ «ሱዶ» ግን እንደ ቃል የሚጻፍ ነው። ሱዶ ከፊቱ የገባበት ትዕዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይፈጸማል።

ደረጃ 1፦ ሞደሙ እውነተኛ ሞደም ነው?

ሞደም ሁሉ አንድ አይደለም። እውነተኛው ሞደም የራሱ አንጎል አለው። ድምፅን ወደ ዳታ፣ ዳታን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ቺፕ እላዩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ ብቻ ይልክለታል። ሌላው ዓይነት ግን «ዊንሞደም» ወይም ሶፍት ሞደም የሚባለው ነው። ርካሽ እንዲሆን ሥራው ከቺፑ ላይ ተነስቶ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ተሰጥቷል። ስለዚህ ልዩ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ድራይቨሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ነው።

ለሊኑክስ ድራይቨር አልተሠራም ማለት አይደለም። ለስማርት ሊንክ ቺፖች ኤስኤልሞደምዲ የሚባል ፕሮግራም ነበር። ለሉሰንትና ለኮንክሳንት ቺፖችም ነበሩ። ችግሩ ከፊላቸው ምንጭ ኮዱ ያልተለቀቀ መሆኑ ነው። ለአሮጌ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) እና ለ32 ቢት ተሠርተው ቀሩ። ዘንድሮ አዲስ ከርነል ላይ እነሱን ለማስነሳት መታገል ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ የላፕቶፑን አብሮ የተሠራ ሞደም ተዉትና እውነተኛ ሞደም ፈልጉ።

እንዴት ትለያላችሁ? በሲሪያል ገመድ የሚሰካና የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ውጫዊ ሞደም ያለ ጥርጥር እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል። የዩኤስ ሮቦቲክስ 5686 የዚህ ዓይነት ነው። ሲሪያል መሰኪያ ለሌለው ኮምፒውተር የዚያው አምራች 5637 አለ። በዩኤስቢ ይሰካል፣ ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። ሌሎች የዩኤስቢ ሞደሞች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ትናንሽና በጣም ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ ሶፍት ሞደም ናቸው። ካርዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካ ከሆነ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ፤ የቺፑን ስም ይነግራችኋል። ለዩኤስቢ ኤልኤስዩኤስቢ ነው።

ደረጃ 2፦ ገመድና መስመር

ሞደሙ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት የስልክ ቀዳዳ አለ። «ላይን» የሚለው ከግድግዳው ለሚመጣው ገመድ ነው። «ፎን» የሚለው ስልክ ለመቀጠል ነው። መገለባበጥ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሁለቴ እዩት።

ሲሪያል ገመዱ ቀጥተኛው ዓይነት ይሁን። ኑል ሞደም የሚባለው ገመድ ሁለት ኮምፒውተር ለማገናኘት ነው፣ እዚህ አይሠራም። መልካቸው ስለሚመሳሰል በቀላሉ ይምታታሉ።

መስመሩ ላይ ዲኤስኤል (በዚያው የስልክ መስመር የሚመጣ ፈጣን ኢንተርኔት) ካለ ማጣሪያውን ከሞደሙ በፊት አስገቡበት። የቢሮ ዲጂታል የስልክ መስመር ላይ ግን ጭራሽ አትሰኩ፤ ሞደሙን ሊያቃጥለው ይችላል። ስልኩ በኢንተርኔት በኩል የሚሄድ ከሆነም ብዙ አትጠብቁ። ድምፁ ተጨምቆ ስለሚላክ ሞደሞቹ መግባባት ያቅታቸዋል። መስመሩ ላይ ሌላ ጥሪ ሲመጣ የሚያሳውቅ አገልግሎት ካለም አጥፉት፤ ያቺ «ቲት» የምትል ድምፅ ግንኙነቱን ትቆርጠዋለች።

ደረጃ 3፦ ወደቡን መፈለግ

ሊኑክስ እያንዳንዱን መሣሪያ በፋይል ስም ነው የሚጠራው። ፋይሎቹ ዴቭ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

/ዴቭ/ቲቲዋይኤስ0 የመጀመሪያው ሲሪያል ወደብ ነው፤ ዊንዶውስ ኮም 1 የሚለው። ሁለተኛው ቲቲዋይኤስ1 ይሆናል።
/ዴቭ/ቲቲዋይኤሲኤም0 እውነተኛ የዩኤስቢ ሞደም ሲሰካ የሚመጣው ነው።
/ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ0 ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ሲኖር ነው።

ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። «ቲቲዋይ» በትንንሽ ፊደል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ኤስ»፣ «ኤሲኤም» ወይም «ዩኤስቢ» ግን በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ይህችን ያልተጠነቀቀ ሰው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ይደርሰዋል።

የትኛው የእናንተ እንደሆነ ለማወቅ ሞደሙን ሰክታችሁ ወዲያው ይህን ስጡ፦

ሱዶ ዲሜሴጅ | ግሬፕ ቲቲዋይ

ዲሜሴጅ የሚለው ትዕዛዝ አጻጻፉ ዲ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው። ከርነሉ ያየውን ሁሉ ይዘረዝራል። ከታች በኩል የአዲሱን ወደብ ስም ታገኛላችሁ። የሲሪያል ወደብ ከሆነ ከስሙ አጠገብ 16550ኤ የሚል ካያችሁ ጥሩ ነው። ይህ ቺፕ 16 ባይት የሚያጠራቅም ቋት አለው። ከእሱ በፊት የነበሩት 8250 እና 16450 አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዙ በከፍተኛ ፍጥነት ዳታ ያፈሳሉ።

ዩኤስቢው ተሰክቶ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ ቢታይም አዲስ ቲቲዋይ ካልመጣ፣ ያው ሶፍት ሞደም ነው የገዛችሁት። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ፈቃድ

ወደቡን መክፈት የሚችለው የተወሰነ ቡድን ውስጥ ያለ ተጠቃሚ ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ በሚባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች (ዓይነቶች) ቡድኑ ዳያልአውት ይባላል። በአርች ዩዩሲፒ ነው። ራሳችሁን እንዲህ ጨምሩ፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ዳያልአውት የተጠቃሚ ስማችሁ

እዚህ «ኤ» ትንሽ፣ «ጂ» ትልቅ ፊደል ነው። «ኤ»ዋን ከረሳችኋት ከሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ያስወጣችኋል፣ ሱዶ የመጠቀም መብታችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ከሲስተሙ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ሳትወጡ አይሠራም።

ሌላም አለ። ሞደምማናጀር የሚባለው አገልግሎት አዲስ ወደብ ሲያይ ቀድሞ እየገባ ይፈትሸዋል። ለሞባይል ሞደም ጠቃሚ ነው፤ ለእኛ ግን ወደቡን ይይዝብናል። «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ሞደምማናጀር ብላችሁ አስቁሙት። «ሞደም» እና «ማናጀር» ሁለቱም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፣ በመሃላቸው ክፍተት የለም።

ደረጃ 5፦ ሞደሙን ማናገር

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ከዚህ ደረጃ በደህና ያለፈ ሰው ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ሚኒኮም የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ከሁሉም ስርጭቶች ጋር ይገኛል። መጀመሪያ ሱዶ ሚኒኮም -ኤስ («ኤስ» ትንሽ ፊደል ነው) ብላችሁ የሲሪያል ወደብ ቅንብሩን ክፈቱ። «ኤ»ን ተጭናችሁ የወደቡን ስም ጻፉ። በ«ኢ» ፍጥነቱን 115200፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት አድርጉ። በ«ኤፍ» የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያውን አብሩ። ያንን አስቀምጣችሁ ውጡ።

የሞደሙ ፍጥነት 56 ኪሎቢት ሆኖ ለምን 115200 እንላለን? ይህ ቁጥር በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት ነው፣ የስልክ መስመሩ አይደለም። ሞደሙ ዳታውን ጨምቆ ስለሚልክ ከመስመሩ በፈጠነ መንገድ ሊመገብ ይገባል። ሲበዛበት «ቆይ» የሚልበት መንገድ ደግሞ ያ ሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያ ነው።

አሁን ባዶው መስኮት ላይ ኤቲ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። ሞደሙ ኦኬ ብሎ መመለስ አለበት። ይህ ቋንቋ በፈረንጆቹ 1981 ሄይስ የተባለው ኩባንያ ካወጣው ስማርትሞደም የመጣ ነው፤ ሌሎቹ አምራቾችም ተከተሉት። ለዚህ ነው የትኛውም ሞደም የሚገባው።

ኦኬ ካላለ ወደ ፊት አትሂዱ። የምትጽፉት ራሱ ካልታየ ወደቡ የተሳሳተ ነው፣ ወይም ገመዱ፣ ወይም የሞደሙ ኃይል። የማይነበብ ዝባዝንኬ ከመጣ ፍጥነቱ አልተስማማም። የጻፋችሁት እየታየ መልስ ከሌለ ኤቲ&ኤፍ ብላችሁ ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሱትና እንደገና ሞክሩ።

ኦኬ ካለ በኋላ በእጃችሁ ደውሉ። ኤቲዲቲ ቀጥሎ የምትደውሉለትን ስልክ ቁጥር ጻፉ። መስመሩ የድሮ በምት የሚደወልበት ከሆነ ኤቲዲፒ ነው። ወደ ውጭ ለመውጣት ቀድሞ 9 መጫን ካለበት ከ9 በኋላ ኮማ አድርጉ፤ አንዱ ኮማ 2 ሴኮንድ ያህል ያስጠብቃል።

አሁን ጆሮ ስጡ። የሞደሙን ድምፅ ማጉያ የሚያጠፋ ትዕዛዝ አለ፣ ኤቲኤም0 ይባላል። ሁሉ ነገር እስኪሠራ ድረስ አትንኩት፤ ከጆሮ የተሻለ መመርመሪያ የለም። መጀመሪያ ሳይቋረጥ የሚሰማው የመስመሩ ድምፅ ነው። ከዚያ ቁጥሮቹ ተከታትለው ይደወላሉ። ወዲያ ማዶ ይጠራል። ከዚያ ቀጭን ረዥም ፉጨት ይሰማል፤ ያ የተጠራው ሞደም 2100 ኸርዝ ላይ «አለሁ» የሚልበት ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ይንጫጫሉ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዝናብ ያለ ሹክሹክታ ይመጣና ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ኮኔክት የሚል ከነፍጥነቱ ይወጣል።

የቀረው መልስም የራሱ ትርጉም አለው። ኖ ዳያልቶን ካለ ሞደሙ የመስመሩን ድምፅ አልሰማም። ስልክ ሰክታችሁ ራሳችሁ ስሙ። መስመሩ ደህና ሆኖ ድምፁ ሞደሙ ከሚያውቀው የተለየ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኤቲኤክስ3 ስጡት። ድምፅ ሳይጠብቅ እንዲደውል ይነግረዋል። ቢዚ ካለ ወዲያ ማዶ ተይዟል። ኖ ካሪየር ካለ ደግሞ ወይ ማንም ሞደም አላነሳም፣ ወይ ተነጋግረው አልተግባቡም። ፉጨቱን ሰምታችሁ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ያኔ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ብዙ ሞደሞች ላይ ኤቲ+ኤምኤስ=ቪ34 የሚለው ትዕዛዝ ከ33.6 ኪሎቢት እንዳያልፍ ይገድበዋል። ካልተቀበለው የሞደሙን መመሪያ ተመልከቱ።

ለመዝጋት ለአፍታ ዝም በሉ፣ ሦስት የመደመር ምልክት ያለ ኢንተር ተጫኑ፣ እንደገና ዝም በሉ። ኦኬ ሲል ኤቲኤች። ከሚኒኮም ለመውጣት ኮንትሮልና «ኤ»ን አንድ ላይ፣ ከዚያ «ኤክስ»።

ደረጃ 6፦ በደብሊውቪዳያል መግባት

መደወልና ኢንተርኔት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሞደሞቹ ከተግባቡ በኋላ ፒፒፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ይገባና የተጠቃሚ ስም አቅርቦ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። በሊኑክስ ይህን የሚሠራው ፒፒፒዲ ነው። ደብሊውቪዳያል ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ይሠራላችኋል።

ሱዶ ደብሊውቪዳያልኮንፍ /ኢቲሲ/ደብሊውቪዳያል.ኮንፍ

ይህ ወደቦቹን እየዞረ ሞደሙን ያገኝና ፋይሉን ራሱ ይጽፋል። ፋይሉን ስትከፍቱት ስልክ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚሞላባቸው ሦስት መስመሮች ፊት ለፊታቸው የሴሚኮለን ምልክት አለ። ያ ምልክት መስመሩ እንዳይነበብ ያደርጋል። ካላጠፋችሁት የሞላችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። በእነዚሁ ሦስት መስመሮች ያሉትን < > ቅንፎችም አንሱ። ሲያልቅ ይህን መምሰል አለበት፦

[ዳያለር ዲፎልትስ]
ሞደም = /ዴቭ/ቲቲዋይኤስ0
ባውድ = 115200
ኢኒት1 = ኤቲዜድ
ፎን = ስልክ ቁጥሩ
ዩዘርኔም = የተጠቃሚ ስም
ፓስወርድ = የይለፍ ቃል
ስቱፒድ ሞድ = የስ

የመጨረሻው መስመር ስሙ ያስቃል፣ ግን ሥራ አለው። ካልተጻፈ ደብሊውቪዳያል ከተገናኘ በኋላ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ስም እንዲጠይቀው ይጠብቃል። አሁን ያሉት አገልግሎቶች ግን በጽሑፍ አይጠይቁም፣ በቀጥታ ፒፒፒ ይጀምራሉ። ኤቲኤክስ3 ያስፈለጋችሁ ከሆነ ኢኒት2 ብላችሁ ጨምሩት።

ሱዶ ደብሊውቪዳያል በሉና ተመልከቱ። ኮኔክት ካለ በኋላ ጥቂት ቆይቶ የእናንተ አይፒ አድራሻ፣ የወዲያኛው አድራሻ፣ ከዚያ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው) አድራሻዎች ከተዘረዘሩ ገብታችኋል። መስኮቱን አትዝጉት። ኮንትሮልና «ሲ» ስትጫኑ ይቋረጣል።

ደብሊውቪዳያል ካልተገኘ

በአንዳንድ አዳዲስ ስርጭቶች ላይ ደብሊውቪዳያልን ላታገኙት ትችላላችሁ። ግድ የለም፣ ፒፒፒዲ ቻት ከሚባለው የመደወያ ፕሮግራም ጋር ይበቃል። ዴቢያን ላይ ፒፒፒኮንፊግ የሚባል ጠያቂ ፕሮግራም አለ። ስልኩንና ስሙን ይጠይቃችሁና ፋይሎቹን ይጽፋል። ከዚያ ፖን ማስገቢያ፣ ፖፍ ማስወጫ፣ ፕሎግ ደግሞ የሆነውን ማሳያ ነው። ይለፍ ቃሉ /ኢቲሲ/ፒፒፒ/ ውስጥ ባሉት ፓፕ-ሲክረትስ ወይም ቻፕ-ሲክረትስ በሚባሉ ፋይሎች ይቀመጣል። አገልግሎት ሰጪው የትኛውን እንደሚጠቀም ካላወቃችሁ ሁለቱም ላይ ጻፉ። ሌላ ተጠቃሚ እንዳያነበው ፈቃዱን 600 አድርጉ።

ኖኦውዝ የሚለው የፒፒፒዲ አማራጭ መኖሩንም አረጋግጡ። «ወዲያ ማዶ ያለው ማንነቱን ለእኔ ያረጋግጥ አልልም» ማለት ነው። እናንተ ናችሁ የምትረጋገጡት፣ እሱ አይደለም። ይህ ከሌለ ፒፒፒዲ መስመሩን ራሱ ሊዘጋው ይችላል።

ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይከፍትም

አይፒ አድር ሾው ፒፒፒ0 ብላችሁ አድራሻ እንዳለ እዩ። ካለ ፒንግ 8.8.8.8 ሞክሩ። መልሱ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ቢወስድ አትደንግጡ፣ የዳያል-አፕ ጠባይ ነው።

ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ የድረ ገጽ ስም ካልሠራ ጉዳዩ ዲኤንኤስ ነው። ዩዝፒርዲኤንኤስ የሚለው የፒፒፒዲ አማራጭ መኖሩን አረጋግጡ። ቁጥሩም መልስ ካልሰጠ መንገዱን በአይፒ ራውት እዩ። ኮምፒውተሩ ከዋይፋይ ወይም ከኬብል ጋር እንደተያያዘ ከሆነ ፒፒፒዲ የቆየውን መውጫ መንገድ አይተካም፣ ሎጉም ላይ ይህንኑ ይጽፋል። ዋይፋዩን አጥፉና እንደገና ደውሉ፤ ወይም ሪፕሌስዲፎልትራውት የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

ስለ ፍጥነቱ

ቪ90 የሚባለው ደረጃ 56 ኪሎቢት ይላል፣ ያ ግን ወደ እናንተ በሚመጣው በኩል ብቻ ነው፣ መስመሩም እጅግ ንጹህ ሲሆን። ከ40 እስከ 50 ካገኛችሁ ደህና ነው። ሁለት የቤት ሞደሞች እርስ በርስ ሲደዋወሉ ግን ከ33.6 አያልፉም፤ ለ56 አንደኛው ጫፍ ዲጂታል መሆን አለበት። በ48 ኪሎቢት አንድ ሜጋባይት ለማውረድ 3 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ሲስተሙ በራሱ አፕዴት የሚያወርድበትን አስቁሙ፣ አለዚያ መስመሩን ብቻውን ይበላዋል። ለማንበብ ሊንክስን ወይም ደብሊው3ኤምን የመሰለ የጽሑፍ ብራውዘር ተጠቀሙ። በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ከሩቅ መግቢያ) ስትገቡ -ሲ የሚለውን አማራጭ በትልቅ ፊደል ጨምሩ፣ ዳታውን ይጨምቃል።

ክፍያው በደቂቃ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። /ኢቲሲ/ፒፒፒ/ ውስጥ አማራጮቹ ባሉበት ፋይል አይድል 600 ብላችሁ ጻፉ። 10 ደቂቃ ምንም ዳታ ካላለፈ ፒፒፒዲ ራሱ ስልኩን ይዘጋል። ከበስተጀርባ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም ካለ ግን መስመሩ መቼም ዝም ስለማይል አይዘጋም፤ ጨርሳችሁ ስትነሱ በእጃችሁ ዝጉት።